ወራሪ ጉንዳኖችና አብረዋቸው የሚሻገሩ ባክቴሪያዎች፦ ከአዳማ ሲታይ

ከጅቡቲ ወደብ ወደ መሀል አገር የሚገባው አብዛኛው ጭነት፣ በከባድ መኪናም ሆነ በባቡር፣ አዳማን አልፎ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብና ወደ አዲስ አበባ ይደርሳል። ጉንዳን በአፈር፣ በእንጨትና በአበባ ማሰሮ ውስጥ ተሸሽጎ ባሕር የሚሻገር ነፍሳት ስለሆነ፣ በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ለተቆረቆረች ከተማ የወራሪ ጉንዳን ነገር የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም። ከጉንዳኑ ጋር ደግሞ ሌላ ተሳፋሪ አለ፤ ንግሥቲቱ በሰውነቷ የያዘችውና በእንቁላሏ በኩል ወደ ልጆቿ የሚወርደው ባክቴሪያ።

ከእነዚህ መካከል እጅግ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1924 በትንኝ ውስጥ የተገኘው ወልባኪያ ነው። የሚተላለፈው በእናት በኩል በመሆኑ ወንድ ለእርሱ የመንገዱ መጨረሻ ነው፤ ስለዚህም በአንዳንድ ነፍሳት ወንዶችን ሲገድል፣ በሌሎች ደግሞ የተያዘ ወንድ ካልተያዘች ሴት ጋር ሲራባ እንቁላሉ እንዲመክን ያደርጋል። በደቡብ አሜሪካ በሚኖረው የእሳት ጉንዳን ውስጥ ወልባኪያ በብዙ አካባቢ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሞቢል ወደብ በኩል ወደ ዩናይትድ ስቴትስ ከገባው ዘር ግን በአብዛኛው ጠፍቷል። በአርጀንቲና ጉንዳንም ተመሳሳይ መጥፋት ታይቷል። ጉንዳኑ ሸክሙን በማራገፉ በረታ የሚለው ማብራሪያ ቢስብም፣ የተሻገሩት መሥራቾች ጥቂት ስለነበሩ ባክቴሪያው በአጋጣሚ ብቻ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ መደምደሚያው የተቻኮለ ይመስላል። በቤተ ሙከራ የታየው እንዲያውም ተቃራኒ ነው፤ ወልባኪያ ያለባቸው የፈርዖን ጉንዳን መንጋዎች ለመራቢያ ትውልድ የበለጠ ያወጣሉ፣ የሕይወት ዑደታቸውም ይፋጠናል።

ያለ ባክቴሪያው ኑሮ የሚከብዳቸውም አሉ። ካርዲዮኮንዲላ ኦብስኩሪየር የተባለችው ትንሽ ወራሪ ጉንዳን ዌስቴበርሃርዲያ የተሰኘ ባክቴሪያ በውስጧ ታኖራለች፤ እርሱም ወደ 530 ሺህ ቤዝ ጥንድ (የዘረመል ፊደላት ጥንድ) ብቻ በቀረው ዘረመሉ፣ ቅርፊቷን ለሚያጠነክረው፣ ታይሮሲን ለተባለው የፕሮቲን መገንቢያ (አሚኖ አሲድ) መነሻ የሚሆነውን ንጥረ ነገር ያዘጋጃል።

ለንብ አናቢ የሚቀርበው ምሳሌ ሌላ ነው። ከእጭ ክፍሏ የወጣች ንብ በአንጀቷ ባክቴሪያ የላትም ማለት ይቻላል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከቀፎ እኅቶቿ ትወስዳለች። እዚህ ላይ ውርሱ የሚያልፈው በንግሥቲቱ እንቁላል ሳይሆን በሠራተኞቹ በኩል ስለሆነ፣ ኅብረ ንቡ ተከፍሎ ሲሰደድ ባክቴሪያውን ይዘው የሚወጡት እነርሱ ናቸው።