ቺያንግ ማይ፦ ተራራው፣ ቤተ መቅደሱና የጎዳና ምግቡ

ቺያንግ ማይ ከባንኮክ ወደ ሰሜን 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የታይላንድ ከተማ ናት። ስሟ «አዲስ ከተማ» ማለት ነው። አዲስ ከተባለች ግን ቆይታለች፤ የተቆረቆረችው በ1296 ነው። (እዚህ የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ወሮቹ ግን በእኛ። ታይላንዶች የሚጠቀሙበት የቡድሃ ዘመን ከፈረንጆቹ 543 ዓመት ይቀድማል። እኛ ወደ ኋላ፣ እነሱ ወደ ፊት።)

የቆረቆራት ንጉሥ ማንግራይ ነው። መንግሥቱ ላና ይባል ነበር፤ «ሚሊዮን የሩዝ ማሳ» እንደ ማለት። ንጉሡ ከዚህ በፊት ዊያንግ ኩም ካም የምትባል ከተማ ፒንግ ወንዝ ዳር ሠርቶ ነበር። ጎርፍ አላስቀምጥ አለው። ስለዚህ ሰሜን ምዕራቡን ተመለከተና በወንዙና በዶይ ሱቴፕ ተራራ መካከል ያለውን ቦታ መረጠ። «ዶይ» በሰሜኖቹ ቋንቋ ተራራ ነው። ዛሬም ከተማው ውስጥ አቅጣጫ የጠፋው ሰው ቀና ብሎ ተራራውን ይፈልጋል፤ ተራራው ባለበት ምዕራብ አለ።

ከልጆች ጋር ለሚመጣ ቤተሰብ ይቺን ከተማ ምቹ ያደረጋት ይኼው አሰፋፈር ነው። ሌላ አገር ተራራ ለማየት አንድ ቀን፣ ቤተ መቅደስ ለማየት ሌላ ቀን፣ ለምግብ ደግሞ ሌላ ሰፈር ይኬዳል። እዚህ ቤተ መቅደሱ ተራራው ላይ ነው፤ ምግቡ ደግሞ ቤተ መቅደሱ ግቢ ውስጥ ይሸጣል።

አሮጌው ከተማ አራት ማዕዘን ነው። እያንዳንዱ ጎን አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን ዙሪያውን ውኃ የሞላ ቦይ ከቦታል። ግንቡ በአብዛኛው ፈርሷል፤ የቀረው በየማዕዘኑና በየበሩ ነው። በርማዎች በ1558 ከተማዋን ያዙና ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ገዟት። እነሱ ከተባረሩበት ጦርነት በኋላ ሰው ጥሏት ስለሄደ ለተወሰነ ጊዜ ባዶዋን ቀርታ ነበር። ካዊላ የተባለው ገዥ በ1796 እንደገና አቀናት።

ዋት ማለት የቡድሃ ቤተ መቅደስ ከነግቢው ነው። በየመታጠፊያው አንድ ስላለ ሁሉንም አያለሁ ማለት ልጆቹን ማስለቀስ ነው። ሦስቱ ይበቃሉ። ዋት ቺያንግ ማን ከከተማዋ ጋር እኩል የተተከለ ሲሆን ቼዲውን፣ ማለትም ንዋየ ቅድሳት የሚቀመጥበትን ግንብ፣ 15 የዝሆን ቅርጾች በጀርባቸው የተሸከሙት ይመስላል። ዋት ፕራ ሲንግ በ1345 የተመሠረተ ነው፤ የግድግዳ ሥዕሎቹ የድሮውን የላና ኑሮ ያሳያሉ። ዋት ቼዲ ሉዋንግ ግን ለብቻው ነው። ግዙፉ የጡብ ቼዲ በ1545 በመሬት መንቀጥቀጥ ጫፉን አጣ፤ እስካሁንም እንደተቆረጠ ቆሟል። ዛሬ ባንኮክ ያለው ታዋቂው የኤመራልድ ቡድሃ ምስል በአንድ ወቅት የነበረው እዚህ ነው። በጫፉ መሄድ የተሻለ ሆኗል ባይ ነኝ። በዚሁ ግቢ መነኮሳት ከጎብኚ ጋር ተቀምጠው የሚያወሩበት ቦታ አለ። እንግሊዝኛቸውን ይለማመዳሉ፤ ልጅ የሚጠይቀውን ማንኛውንም ነገር ይመልሳሉ።

ሥርዓቱ ለእኛ ከባድ አይደለም። ጫማ ይወለቃል፣ ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል። አዲስ የሚሆነው እግር ነው፤ ቁጭ ሲባል መርገጫ ወደ ቡድሃው ምስል አይዞርም። ሴቶች መነኩሴ አይነኩም። የሰው ልጅ ራስም አይነካም፤ የሕፃን ጭንቅላት መዳበስ የለመደ ሰው እጁን ይሰብስብ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከታ ፔ በር ተነስቶ እስከ ዋት ፕራ ሲንግ የሚደርሰው የራቻዳምኖን መንገድ ለመኪና ይዘጋል። መንገዱ ገበያ ይሆናል። ምግብ ሻጮቹ በዳር ያሉት ዋቶች ግቢ ውስጥ ይገባሉ፤ ሰው ገዝቶ እዚያው ቼዲው ሥር ተቀምጦ ይበላል። ልክ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ብሔራዊ መዝሙር ይሰማና ያ ሁሉ ሕዝብ ቀጥ ብሎ ይቆማል። መዝሙሩ ሲያልቅ መጥበሻው ይቀጥላል። ቅዳሜ ደግሞ ተመሳሳይ ገበያ በዉዋ ላይ መንገድ፣ በብር አንጥረኞቹ ሰፈር አለ።

ወደ ምግቡ እንምጣ። የከተማዋ መለያ ካኦ ሶይ ነው። በእንቁላል የተሠራ ኑድልስ በኮኮናት ወተትና በቅመም በተሠራ መረቅ ውስጥ ይገባል፤ ከላዩ ደግሞ ያው ኑድልስ ተጠብሶ ኩርሽም እያለ ይደረብበታል። ጎመን ኮምጣጣ፣ ጥሬ ቀይ ሽንኩርትና ሎሚ አጠገቡ ይቀርባል። አመጣጡ በአብዛኛው የሚያያዘው በበቅሎ ጓዝ ከቻይናዋ ዩናን ይመላለሱ ከነበሩ ሙስሊም ነጋዴዎች ጋር ነው። ልጆቻቸው ዛሬም በባን ሆ መስጊድ አካባቢ ስላሉ ሐላል ካኦ ሶይ ማግኘት አይቸግርም።

ሳይ ኡዋ የሚባለው ቋሊማ በጠጅ ሳርና በቃሪያ የታሸ ነው፤ ከሩቅ ይሸታል። ሥጋው ግን የአሳማ ነው። እዚህ ላይ ሦስት ቃላት መያዝ ያዋጣል፦ «ሙ» አሳማ፣ «ካይ» ዶሮ፣ «ኑዋ» የበሬ ሥጋ። ናም ፕሪክ ኑም ደግሞ የተጠበሰ ቃሪያ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተወቅጦ የሚሠራ ማባያ ነው። የዳጣ ዘመድ በሉት። የሚበላው በካኦ ኒያኦ፣ ማለትም በእጅ ተድቦልቡሎ በሚጠቀስ የሚጣበቅ ሩዝ ነው። በእጅ መብላት ለለመደ ልጅ ሹካ ከመያዝ ይቀላል። ቃጠሎው የበዛበት «ማይ ፔት» ይበል፤ «አያቃጥል» ማለት ነው።

ለጿሚ ደግሞ የምሥራች አለ። ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ «ጄ» ተብሎ የተጻፈበት ቦታ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት የለም። ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባም። በሌላው ምግብ ሁሉ ውስጥ የሚጨመረው ናም ፕላ የሚባል የዓሣ መረቅም እዚህ የለም፤ ስለዚህ ዓሣ ያስገድፋል አያስገድፍም የሚለውን ክርክር አገር ቤት ትቶ መምጣት ይቻላል።

ወደ ዶይ ሱቴፕ የሚወስደው ሶንግታው የሚባል ቀይ ፒካፕ ነው። ስሙ «ሁለት ረድፍ» ማለት ነው፤ ከኋላ ተሳፋሪ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ውይይት ታክሲን የሚያስታውስ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ተራራው ላይ ያለው ዋት የተመሠረተው በ1383 እንደሆነ ይነገራል። አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው፦ የቡድሃ ንዋየ ቅድሳት በነጭ ዝሆን ጀርባ ላይ ተጫነ፤ ዝሆኑም በፈቀደው እንዲሄድ ተለቀቀ። ተራራውን ወጥቶ ሦስት ጊዜ ጮኸና እዚያው ሞተ። ንጉሡ በቦታው ቼዲ አስቆመ። በወርቅ የተለበጠው ቼዲ ጋ ለመድረስ በናጋ፣ በታላላቅ እባቦች አምሳል በተጠረበ መደገፊያ መካከል ከ300 በላይ ደረጃ ይወጣል። አያትን ይዞ ለመጣ በሐዲድ የሚሄድ ሊፍት አለ። እስከ 1935 ድረስ የመኪና መንገድ አልነበረም። ክሩባ ሲዊቻይ የተባለ መነኩሴ ሕዝቡን አስተባብሮ በጥቂት ወራት አስጠረገው። የድሮው የእግር መንገድም አልጠፋም። መነኮሳት ዛፍ ላይ ያሰሩትን ብርቱካናማ ጨርቅ እየተከተሉ በዋት ፓ ላት በኩል መውጣት ይቻላል፤ ጫካው ጥላ ነው፣ ቤተ መቅደሱም ከወራጅ ውኃ ዳር ነው። ልጆቹ ከፍ ካሉ እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

የአገሪቱ ረጅሙ ተራራ ዶይ ኢንታኖን በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ይርቃል። ከፍታው 2,565 ሜትር ነው። አዎ፣ እንጦጦ ይበልጠዋል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ጫፉ ውርጭ ስለሚያይ ታይላንዶች ብርድ ለማየት ጃኬት ገዝተው በሌሊት ይወጣሉ። ደገኛ ሰው ሲያያቸው ሊስቅ ይችላል። ፏፏቴዎቹና በዳመና ውስጥ የሚያልፈው በዛፍ ሽበት የተሸፈነ ጫካ ግን ቀልድ አይደሉም። ጫፉ አቅራቢያ ለንጉሥ ቡሚቦልና ለንግሥት ሲሪኪት 60ኛ ዓመት ልደት የተሠሩ ሁለት ቼዲዎች አሉ። በእነዚህ ተራሮች ያሉ የሞንግና የካረን ብሔረሰቦች መንደሮች ድሮ ኦፒየም ይዘሩ ነበር። በ1969 በተጀመረው የንጉሡ ፕሮጀክት አማካይነት እንጆሪና አረቢካ ቡና ተተካ። የቡናውን አገር የምናውቅ እኛ አንድ ስኒ ጠጥተን ብንፈርድ ነውር የለውም።

ዝሆን ማየትም የተለመደ ነው። በ1989 እንጨት ቆረጣ ሲታገድ ግንድ ይጎትቱ የነበሩ ዝሆኖች ሥራ ፈቱና ወደ ቱሪስት ገቡ። መጋለብ የማይፈቀድበትን ቦታ መምረጥ ይሻላል።

ጊዜውን በተመለከተ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ምርጥ ነው። የዪ ፔንግ የፋኖስ በዓል ኅዳር አካባቢ ይውላል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ግን ማሳና ጫካ ስለሚቃጠል ጭሱ ሸለቆው ውስጥ ይተኛል፤ ተራራው ራሱ የማይታይበት ቀን አለ። አስም ያለበት ልጅ ይዞ በዚያን ጊዜ መምጣት አይመከርም። ሚያዝያ 5 አካባቢ የሚጀምረው የሶንግክራን አዲስ ዓመት ሲመጣ ደግሞ ከተማው በሙሉ ከቦዩ እየቀዳ ውኃ ይራጫል። ስልኩን በላስቲክ ያልጠቀለለ ሰው ያን ቀን ከሆቴል ባይወጣ ይሻለዋል።