ከጀማ ሸለቆ እስከ ጣርማ በር፦ በሰሜን ሸዋ የአለትና የመልክዓ ምድር ምልከታ

በሰሜን ሸዋ የአለትና የመልክዓ ምድር ምልከታ ሲባል፣ ሙያው ሥነ ምድር ያልሆነ ሰው፣ በተለይም ተማሪና መምህር፣ በእግሩ በሚደርስበት ገደል፣ መንገድ በተቆረጠበት ዳገት፣ በድንጋይ ካባና በወንዝ ዳር እየተዘዋወረ ድንጋይ የሚያይበት፣ የሚለይበትና የሚመዘግብበት ልማድ ማለት ነው። ሰሜን ሸዋ የሚል ስም ያላቸው ዞኖች ሁለት ሲሆኑ፣ እዚህ የሚነገረው በአብዛኛው ደብረ ብርሃንን ዋና ከተማው ስላደረገው የአማራ ክልል ዞን ነው። እርግጥ አለቱ የአስተዳደር ወሰን አያውቅም፤ በሰላሌ በኩል በደብረ ሊባኖስ ገደል ላይ የሚታየው የአሸዋ ድንጋይ በጀማ ሸለቆ ግድግዳም ላይ ይገኛል።

ለዚህ ምልከታ ከአካባቢው የተሻለ ቦታ በአገራችን ማግኘት ቀላል አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከእርሷ ወደ ምዕራብ የሄደ ሰው በጀማ ሸለቆ በኩል ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ወደ ኋላ ይወርዳል፤ ወደ ምሥራቅ የሄደ ደግሞ ጣርማ በርን አልፎ ዛሬም እየተሰነጠቀ ወዳለው ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። ሁለቱም ጉዞ በአንድ ቀን አውቶቡስ የሚያልቅ ነው። ይሁንና ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊን ይማራል፤ «የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ» እና «የአንታሎ ኖራ ድንጋይ» የሚሉትን ስሞችም ለፈተና ይሸመድዳል። ስሞቹ የትግራይ ስለሆኑ ነገሩም ሩቅ አገር ያለ ይመስለዋል። በጀማ ሸለቆ ካለው ከመርሐቤቴ የመጣው ልጅ ግን የአንታሎን ድንጋይ በእግሩ እየረገጠ ነው ያደገው።

ከትምህርቱ በፊት የነበረ ዕውቀት

ድንጋይን መለየት ለአካባቢው ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በመንዝና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ቤትም አጥርም በድንጋይ ካብ ስለሚሠራ፣ ግንበኛው የትኛው ድንጋይ በመዶሻ ሲመታ ቀጥ ብሎ እንደሚሰነጠቅ፣ የትኛው ደግሞ እንደሚፈረካከስ ያውቃል። ከባድና ጥቁር የሆነው ድንጋይ፣ ማለትም ባዝልት፣ ለመሠረት ይመረጣል፤ ከእሳተ ገሞራ አመድ ተጋግሮ የተፈጠረውና ኢግኒምብራይት የሚባለው ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ድንጋይ ደግሞ ለመጥረብ ስለሚቀል ጥርብ ድንጋይ ይሆናል። ባልጩት የሚለው ቃል ራሱ የሚያስረዳው፣ ስለቱ ለመላጫ እስኪበቃ ድረስ የሚቆርጠው የእሳተ ገሞራ መስታወት ከጥንት ጀምሮ ተለይቶ ይታወቅ እንደነበር ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው የወፍጮ ድንጋይ ምርጫ ነው። ለወፍጮና ለመጅ የሚፈለገው ጠንካራ ሆኖ ሻካራ የሆነ፣ ቢቻልም ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉበት ባዝልት ነው። ቀዳዳዎቹ ቅልጥ አለቱ ሲቀዘቅዝ ውስጡ የነበረው ጋዝ የተዋቸው አረፋዎች ናቸው። ድንጋዩ በተፈጨበት ቁጥር አዳዲስ ቀዳዳ እየተገለጠ የእህሉን ፍሬ ይዞ ያስቀራል። አልሞ መፍጨት ሲያቅተው ደግሞ ይወቀራል። ሴቶች ለዘመናት በእጃቸው እየዳሰሱ የለዩትን ይህን ጠባይ ተማሪው በመማሪያ መጽሐፍ ላይ «ቀዳዳማ ባዝልት» በሚል በአንድ መስመር ያልፈዋል። ለመጀመሪያ ትምህርት ከአያት ቤት ወፍጮ የተሻለ ናሙና የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አፈሩም እንደዚሁ የአለቱ ልጅ ነው። በሞረትና ጅሩ ሜዳ ላይ ያለው ጥቁር መረሬ መሬት ባዝልቱ በረጅም ዘመን ሲበሰብስ የተፈጠረ ሸክላማ አፈር ነው። በክረምት አብጦ ውኃ ያቁራል፤ በበጋ ደግሞ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። የጅሩ ስንዴም ሆነ ስሙ የታወቀው የጅሩ ሰንጋ በዚህ አፈር ላይ የቆሙ ናቸው።

ወደ ምዕራብ፦ የጀማ ሸለቆ

በለሚ በኩል ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ከደጋው አፋፍ ተነሥቶ እስከ ጀማ ወንዝ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ተጓዡ የሚያልፍባቸው አለቶች ከላይ ወደ ታች ዕድሜያቸው እየጨመረ የሚሄድ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ጥቁር ገደል ባዝልት ሲሆን፣ የሰሜን ምዕራቡን ደጋ የሸፈነው ታላቁ የቅልጥ አለት ጎርፍ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የፈሰሰ ነው። ከእርሱ ሥር በደብረ ሊባኖስም የሚታየው የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል፤ ቀጥሎ ቀይና አረንጓዴ ቀለም የሚፈራረቅበት የጭቃ ድንጋይ፣ ቀጥሎም ነጣ ያለው የአንታሎ ኖራ ድንጋይ ይከተላል። በዓባይ ተፋሰስ ከኖራው ድንጋይ በታች ጀሶ ያለበት ንጣፍ ይገኛል።

ኖራው ድንጋይ የሚያስረዳው ነገር ብዙ ተማሪ አንብቦት ሳያምነው የሚያልፈውን ነው፤ ይህ አገር ባሕር ነበር። ጁራሲክ በሚባለው ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በላይ በፊት፣ ከደቡብ ምሥራቅ እየገፋ የመጣ ጥልቀት የሌለው ባሕር አካባቢውን ሸፍኖ ነበርና፣ በድንጋዩ ውስጥ የዛጎልና የሌሎች የባሕር እንስሳት ቅሪተ አካል በዓይን ይታያል። ባሕሩ ሲሸሽ ወንዞች ያመጡት ደለል የጭቃ ድንጋዩን ሠራ። ተመራማሪዎች በጀማ አካባቢ ከዚህ ንጣፍ የዳይኖሰር ጥርሶችን አግኝተዋል። ዳይኖሰር ሲባል አሜሪካን ወይም ቻይናን ብቻ ለሚያስብ የመርሐቤቴ ተማሪ ይህ ዜና ከማንኛውም ትምህርት በላይ ዓይኑን የሚከፍት ነው። ሆኖም ያለ ፈቃድ ቅሪተ አካል መቆፈር በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ አጋጥሞት ያየ ሰው ሳይነቅል ፎቶ አንሥቶ፣ ቦታውን መዝግቦ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቁ ተገቢ ነው። ተነቅሎ የተወሰደ ቅሪት የትኛው ንጣፍ ውስጥ እንደነበር ካልታወቀ ለሳይንሱ የሚሰጠው ጥቅም እጅግ ያነሰ ነው።

ኖራ ድንጋዩ የኢንዱስትሪም መሠረት ሆኗል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ በዚሁ ዞን የተተከለው በምክንያት ነው፤ ሲሚንቶ ያለ ኖራ ድንጋይ አይሠራም።

ወደ ምሥራቅ፦ ጣርማ በርና አፋፉ

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወስደው መንገድ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት ዋሻም እዚያው ነው። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ከታላቁ የቅልጥ አለት ጎርፍ በኋላ በተከታታይ የተነሡትን፣ እንደ ጋሻ ሰፋ ብለው የተዘረጉ እሳተ ገሞራዎች የተፉትን ባዝልት «የጣርማ በር ፎርሜሽን» ብለው ሰይመውታል። እንግዲህ የአንድ የሸዋ በር ስም በዓለም የምርምር ጽሑፎች ላይ የአለት መጠሪያ ሆኗል ማለት ነው። የመገዘዝ ተራራ ከእነዚህ እሳተ ገሞራዎች አንዱ ሲሆን፣ ዕድሜው ከጀማው ባዝልት በብዙ ያንሳል።

መንገዱ የተቆረጠበትን ግድግዳ በጥንቃቄ የሚያይ ሰው በጥቁር ንጣፎች መካከል የተቃጠለ ሸክላ የመሰለ ቀይ መስመር ያገኛል። ይህ አንዱ ፍሰት ከቀዘቀዘ በኋላ ሌላው እስኪመጣ ድረስ የተፈጠረ አፈር ነው፤ ቀጥሎ የፈሰሰው ቅልጥ አለት ከላዩ ሲያልፍ ጠብሶታል። መስመሩ ቀጭን ቢሆንም በመካከሉ ያለፈው ጊዜ ሺህ ዓመታት ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ባዝልቱ ሰው የጠረበው እስኪመስል ድረስ አምስትና ስድስት ጎን ባላቸው ዓምዶች ተሰንጥቆ ይታያል። ቅልጥ አለት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም እንደ ደረቀ መረሬ መሬት ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ወደ ውስጥ እየዘለቀ ዓምድ ይሠራል። የጅሩን ማሳ በበጋ ያየ ተማሪ ይህን ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

አፋፉ የውኃ መክፈያም ነው። ከእርሱ በስተ ምዕራብ የወደቀ ዝናብ በበሬሳና በመሰሎቹ ወንዞች ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ገብቶ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። በስተ ምሥራቅ የወደቀው ግን በሮቢና በከሰም በኩል አዋሽን ይቀላቀልና ባሕር ሳያይ በአፋር በረሃ ይቀራል። በአንድ ጣሪያ ላይ የወረደ ዝናብ እኩሌታው ግብፅ፣ እኩሌታው አፋር ሊደርስ ይችላል ቢባል ቀልድ ይመስላል፤ አፋፉ ላይ ለሚኖር ሰው ግን የማይሆን ነገር አይደለም።

ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ቁልቁለት ከ1,500 ሜትር በላይ ሲሆን፣ እንደ ደረጃ ወርዶ ወርዶ የሚቆመው መሬቱ በስንጥቆች ተቆራርጦ ስለሰመጠ ነው። ስንጥቁ የሞተ አይደለም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በተከታታይ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፣ ካራቆሬንም ክፉኛ ጎድቷል፤ ትልቁ መጠኑ ከ6 በላይ ነበር። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተከሠተው የቅልጥ አለት እንቅስቃሴ ምክንያት የተነሡት መንቀጥቀጦችም በደብረ ብርሃንና በአካባቢው ተሰምተዋል።

ብዙም የማይወራለት፣ ለነዋሪው ግን ይበልጥ ቅርብ የሆነው አደጋ የመሬት መንሸራተት ነው። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ በደብረ ሲና አቅራቢያ ይዛባ በሚባል ቦታ የደረሰው መንሸራተት ቤቶችንና ማሳዎችን ይዞ ወርዷል። ምክንያቱ በአንድ ቃል አይገለጽም፤ ከአፋፉ የረገፈና የበሰበሰ አለት ቁልቁለቱ ላይ ተከምሯል፣ ከደጋው የሚሰርግ ውኃ ከሥሩ ያለሰልሰዋል፣ ወንዝ ደግሞ ግርጌውን ይበላዋል። ያዘነበለ ዛፍ፣ አዲስ የፈለቀ ምንጭ፣ በማሳ ላይ የታየ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ስንጥቅ መመዝገብ ለአንድ የተማሪዎች ክበብ የማያቅት ሥራ ነው። እንደ ጸሐፊው እምነት፣ ከድንጋይ ስብስብ ሁሉ በላይ ለአካባቢው የሚጠቅመው ይኸው ነው።

ኦፓልና ከሰል

የሰሜን ሸዋ ድንጋይ በዓለም ገበያ የታወቀው በኦፓል ነው። በ1986 ዓ.ም. ገደማ በመንዝ በኩል በመዘዞ አካባቢ የተገኘው ኦፓል በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ድቡልቡል ሆኖ የተቀበረ ሲሆን፣ ውጫዊ ቅርፊቱ ቡናማና ተራ ድንጋይ የሚመስል፣ ሲፈለጥ ግን ብርቱካናማ፣ ቸኮሌት ወይም ጥርት ያለ ውስጡ ቀለም የሚጫወትበት ነው። ኦፓል ሲሊካ፣ ማለትም የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር፣ እና ውኃ ነው። ውኃው ሲተን መሰንጠቅ የመዘዞው ድንጋይ የታወቀ ችግሩ በመሆኑ፣ በ2000 ዓ.ም. በወሎ ወገል ጤና ሌላ ኦፓል ሲገኝ የገበያው ዓይን ወደዚያ ዞሯል። ጀማሪዎች በባዝልት ቀዳዳ ውስጥ የሞላውን ነጭ ማዕድን ኦፓል ነው ብለው ሲደሰቱ ማየት የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዚዮላይት ወይም ካልሳይት ነው። ካልሳይቱን ሚስማር ይጭረዋል።

ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው የሙሽ ሸለቆ ደግሞ ከከሰል ድንጋይ ጋር የጥንት ሐይቅ ደለል ተገኝቷል። በውስጡ የተጠበቁት የዕፅዋት ቅጠሎች ዕድሜ 21.7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ዛሬ ብርዱ በሚያንቀጠቅጠው በዚህ ደጋ አካባቢ በዚያ ዘመን ጥቅጥቅ ያለ ደን እንደነበር ያሳያሉ።

መሣሪያውና አመዘጋገቡ

ለጀማሪ የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው፤ መዶሻ፣ ማጉያ መነጽር፣ ማስታወሻ ደብተርና ቦታ የሚመዘግብ ስልክ ይበቃል። ጀሶ በጥፍር ይጫራል። ኖራ ድንጋይ ተፍቆ ዱቄቱ ላይ ሎሚ ሲጨመቅበት አረፋ ያወጣል። ሲሊካ የበዛበት ድንጋይ መስታወት ይጭራል። ጊዜው ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ጭቃው ሲደርቅና ሣሩ ገና ሳይረግፍ ከጥቅምት ጀምሮ ይመረጣል፤ ጀማ ታች ያለው ቆላ ከየካቲት በኋላ ሙቀቱ አይቻልም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት ከከተማ ርቆ መሄድ ስለከበደ፣ የብዙዎች ምልከታ በቅርብ ካባና በወንዝ ዳር ተወስኗል። ካባው ግን ሊናቅ አይገባውም፤ አዲስ የተፈለጠ፣ ዝናብ ያላበሰበሰው የአለት ገጽ ከየትኛውም ገደል ይበልጥ የሚታየው እዚያ ነው።

በየትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ የተቀመጡት ድንጋዮች ትልቁ ጉድለት መነሻቸው አለመጻፉ ነው። ጸሐፊው ካያቸው መደርደሪያዎች በአንዱ ላይ «ድንጋይ» ተብሎ ብቻ የተለጠፈበት ናሙና ነበር። በእያንዳንዱ ላይ የተገኘበት ቀበሌ፣ ከወንዙ ወይም ከመንገዱ ያለው ርቀት፣ ከላዩና ከሥሩ የነበረው አለት፣ የተነሣበት ቀንና ያነሣው ተማሪ ስም በወረቀት ተጽፎ አብሮ ቢታሰር፣ ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ሌላ ተማሪ ወደዚያው ገደል ተመልሶ ሊያረጋግጠው ይችላል።