የኩሪ ሙቀት ምንድን ነው? በስስ ንብርብር ላይስ?

ሰሞኑን ከምናለሽ ተራ አሮጌ ስፒከር ገዛሁና ማግኔቱን ፈታሁ። አራት ኪሎ ቤቴ በረንዳ ላይ ከሰል አቀጣጥዬ ሚስማር አጋልኩ። መጀመሪያ በጉጠት ነበር የያዝኩት። ጉጠቱም ብረት ነውና ማግኔቱ እሱን ሳበ፤ ሙከራዬ ገደል ገባ። በመዳብ ሽቦ አንጠለጠልኩት። ከሰሉን አራግቤ አራግቤ ሚስማሩ ፍም ሲመስል ወደ ማግኔቱ አስጠጋሁት። ዝም! ቅላቱ ደብዘዝ ሲል ግን ጧ ብሎ ተለጠፈ።

ብረት 770 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ማግኔትነቱን ያጣል። ይህ ወሰን በፈረንሳዊው ፒየር ኩሪ ስም የኩሪ ሙቀት ይባላል። የኒኬል 358 ገደማ፣ የኮባልት ከ1,100 በላይ ነው። ጋዶሊኒየም የሚባለው ብረት ደግሞ 20 ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ይበቃዋል።

ለምን? እያንዳንዱ የብረት አተም ትንሽ ማግኔት ነው። የአራት ኪሎን የታክሲ ሰልፍ አስቡት። ሁሉም ጎረቤቱን እያየ ወደ አንድ ወገን ይቆማል። ፀሐዩ ሲከር አንዱ ይዞራል፣ ሌላው ጥላ ይፈልጋል። ሙቀትም አተሞቹን እንዲህ ይበጠብጣቸዋል። ሰልፉ ቀስ እያለ ይላላል፤ ወሰኑ ሲቃረብ ነው ዘጭ የሚለው።

ማግኔቱ ስስ ንብርብር፣ ማለትም ጥቂት የአተም ረድፍ ብቻ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። የዳር አተሞች በአንድ ወገን ጎረቤት የላቸውም። ስለዚህ ስስ ኒኬል 358 ሳይደርስ ይሸነፋል።

ከጎኑ ኮባልት ቢነባበርለትስ? እኔን የሚጥመኝ ይሄ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንደሚባለው፣ ኮባልቱ በዚያ ሙቀት ገና ሰልፉን አልለቀቀም። ስለዚህ የኒኬሉን አተሞች፣ በተለይ የሚነኩትን፣ እጃቸውን ይዞ ያቆማቸዋል። ኒኬሉ ብቻውን ቢሆን በሚፈርስበት ሙቀት ላይ እንኳ የተወሰነ ማግኔትነት ይቀርለታል። ታዲያ ድንገት ከመውደቅ ይልቅ እየተጎተተ ይቀንሳል። መያያዙ ራሱም ግን ሙቀት ሲጨምር ይደክማል።

በመሃል ሌላ ብረት ሲገባ ደግሞ ጉድ ይመጣል። በ1986 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ፒተር ግሩንበርግ በሁለት የብረት ንብርብሮች መካከል ስስ ክሮሚየም አስገብቶ የሁለቱ ማግኔትነት በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ጀርባ ለጀርባ ሲቆም አየ። ከዚያ የቀጠለው ሥራ ለእሱና ለፈረንሳዊው አልበር ፌር የ2007ን የኖቤል ሽልማት አስገኘ፤ አዲስ ዓይነት የሃርድ ዲስክ ማንበቢያም ከዚያ ተወለደ።

አንዳንድ አዳዲስ ሃርድ ዲስኮች ደግሞ የእኔን ሚስማር ነገር ይሠራሉ። በሌዘር አንዲት ነጥብ ከ400 ዲግሪ በላይ ያግላሉ፤ ስትቀዘቅዝ መረጃው ይጻፍባታል። የእኔ ሚስማር ሴኮንዶች ፈጀበት። እነሱ በሴኮንድ ቢሊዮንኛ ገደማ ይጨርሳሉ።