«ባዶ ማኘክ» ምንድን ነው?

አይጡ አፉ ውስጥ ምንም ነገር የለም፤ ግን ያኝካል። የሚቆረጥመው እህል አልቀረበለትም፣ ጠጉሩንም እየላሰ አይደለም። መንጋጋው ከፍ ዝቅ፣ ምላሱ ወጣ ገባ ይላል። ተመራማሪው አጠገቡ ተቀምጦ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳኘከ ይቆጥራል። «ባዶ ማኘክ» የሚባለው ይህ እንቅስቃሴ ነው፤ እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ የሳይኮሲስ (ሰው ከእውነታ የሚርቅበት የአእምሮ ሕመም) መድኃኒቶችን ለወራት በወሰዱ አይጦች ላይ ይታያል።

ቆጠራው ተራ ሥራ ይምሰል እንጂ ከጀርባው የሰው ሥቃይ አለ። ክሎርፕሮማዚን የተባለው የሳይኮሲስ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1952 ፓሪስ ውስጥ ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ፣ መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ ከወሰዱት አንዳንዶቹ ከንፈራቸውና ምላሳቸው አልታዘዝ አላቸው። ታርዲቭ ዲስኪኔዢያ ይባላል፤ ዘግይቶ የሚመጣ ያለፈቃድ እንቅስቃሴ ማለት ነው። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ እንኳ ሊቀጥል፣ አንዳንዴም ሊብስ ይችላል። ስለዚህ ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ማቋረጥ መፍትሔ አይሆንም። የአይጡም ማኘክ እንዲሁ መድኃኒቱ ከቀረ በኋላ ለሳምንታት ይዘልቃል። ደግሞም ሁሉም አይጦች አይያዙም፤ ሁሉም ሕሙማን እንደማይያዙት።

ዶፓሚን የአንጎል ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡበት ንጥረ ነገር ነው፤ መድኃኒቶቹ ይህን መልእክት ከሚቀበሉት የሕዋስ ክፍሎች አንዱን፣ ዲ2 የሚባለውን የዶፓሚን ተቀባይ፣ ይዘጋሉ። ለረጅም ጊዜ የተዘጋ ተቀባይ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ለዶፓሚንም ከልክ በላይ ንቁ ይሆናል የሚለው ማብራሪያ ብዙውን ነገር ያስረዳል፤ ሁሉንም ግን አያስረዳም።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የአሰጣጡ ነገር ነው። ሃሎፔሪዶል በሰው ደም ውስጥ ወደ ግማሽ ለመውረድ አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ በአይጥ ደም ውስጥ ግን ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። በቀን አንድ ጊዜ የተወጋ አይጥ ታዲያ አብዛኛውን ቀን ተቀባዮቹ ነጻ ሆነው ይውላል። ያንኑ መድኃኒት ከቆዳ ሥር በተቀበረች ትንሽ ፓምፕ ያለማቋረጥ ሲያገኝ ግን ማኘኩ በግልጽ ይመጣል። ወሳኙ መጠኑ ብቻ ሳይሆን ተቀባዩ ፋታ ማግኘት አለማግኘቱ ጭምር ነው። የአንድን ጥናት ውጤት ከማመናችን በፊት አሰጣጡን መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

የእነዚህ መድኃኒቶች ሌላው ጉዳት የሚጥል ሕመም ነው፤ እሱ ግን የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው። ብዙዎቹ የሳይኮሲስ መድኃኒቶች አንጎል ለመንቀጥቀጥ የሚያስፈልገውን ገደብ ዝቅ ያደርጋሉ፤ በዚህ በኩል ይበልጥ የሚያሰጋው ክሎዛፒን ነው። በቀን 600 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከሚወስዱ 100 ሰዎች 4 ያህሉን ሊጥላቸው እንደሚችል ታይቷል። ይኸው መድኃኒት ግን ታርዲቭ ዲስኪኔዢያን እምብዛም አያመጣም። ስለዚህ አይጡ አለማኘኩ ብቻውን ስለ አንጎሉ ደኅንነት አይመሰክርም፤ የመንቀጥቀጥ ገደቡ ለብቻው መለካት አለበት።