የሕግ ታዛቢ ምንድን ነው? ማንስ መሆን ይችላል?

አሜሪካ ውስጥ ሰልፍ ሲኖር ደማቅ አረንጓዴ ኮፍያ አድርገው ዳር ዳሩን እየሄዱ ፖሊስ የሚያደርገውን ዝም ብለው የሚጽፉ ሰዎች አሉ አይደል፣ እነሱ ናቸው የሕግ ታዛቢዎች። ናሽናል ሎየርስ ጊልድ የሚባለው የጠበቆች ማህበር ነው በ1968 እ.ኤ.አ ኒውዮርክ ላይ የጀመረው፣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተቃውሞና የፀረ ጦርነት ሰልፉ በጦፈበት ጊዜ። እንግሊዝ ያሉት ደግሞ ብርቱካናማ ሰደርያ ነው የሚለብሱት።

ብዙ ሰው ጠበቃ መሆን ግዴታ ይመስለዋል። አይደለም፣ የሕግ ተማሪም ሆነ ሕግ የሚባል ነገር ተምሮ የማያውቅ ሰው ስልጠናውን ከወሰደ ይሆናል። ስልጠናው ራሱ ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው አፍን መዝጋት ነው 😅 በቃ የዛን ቀን ሰልፈኛ አይደለህም፣ መፈክር አታሰማም፣ ፖስተር አትይዝም፣ ከፖሊስ ጋር አትደራደርም፣ ጓደኛህን ሲይዙት እንኳን መሃል አትገባም፣ ስሙን መዝግበህ በየት እንደወሰዱት ታያለህ። ለምን ቢባል ነገ ፍርድ ቤት ምስክር ሆነህ ልትጠራ ትችላለህ፣ ያኔ ስትጮህ የሚያሳይ ቪዲዮ ከወጣ ማን ያምንሃል?

አጻጻፉም እንደዛው ነው። "ፖሊሶቹ ጨካኞች ነበሩ" ብለህ ብትጽፍ ለታሰረው ሰው ጠበቃ ምንም አያደርግለትም። "ከቀኑ 9:42፣ ከባንኩ በር ፊት፣ የባጅ ቁጥሩ ይሄ፣ በዱላ ሁለቴ እግሩን መታው፣ ከዛ በፊት ተበተኑ ሲባል አልሰማሁም" ካልክ ግን ወሬ መሆኑ ይቀርና ማስረጃ ይሆናል።

ፖሊስ የሆነ ወይም ለፖሊስ የሚሰራ ሰው ያው አይሆንም፣ ይሄ ግልጽ ነው። ያላለቀ ክስ ያለበት፣ በገደብ የተለቀቀ ወይም የመኖሪያ ወረቀቱ ያልተስተካከለ ሰው ደግሞ ደጋግሞ ቢያስብበት ይሻላል ምክንያቱም ኮፍያው ከመታሰር አያድንም፣ ታዛቢዎችም ታስረው ያውቃሉ። ለዚህም ነው የጠበቆቹን ስልክ ቁጥር በማርከር ክንዳቸው ላይ ጽፈው የሚወጡት፣ ሞባይሉማ መጀመሪያ የሚወሰድ እቃ ነው።

አረንጓዴ ኮፍያ ገዝቼ ልውጣ የምትሉ ካላችሁ አይሰራም 😂 ታዛቢ የሚላከው በጠበቆቹ ነው፣ የጻፈውንም ለነሱ ነው የሚያስረክበው፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ፌስቡክ ላይ አይለጥፈውም።