አፑን አነሳሁት፣ ሜሞሪውስ?

ጅማ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር እጠብቃለሁ። በቀደም ከቶምካት (የጃቫ ዌብ አፕሊኬሽኖችን ከሚያስኬደው ሶፍትዌር) ላይ ሦስት አሮጌ ዌብ አፕሊኬሽኖች አነሳሁ። ሌሎቹ ሥራ ላይ ስለነበሩ ሰርቨሩን አላጠፋሁትም። አቦሉን ጠጣን፣ በረካው ደረሰ፣ የሜሞሪው ቁጥር ንቅንቅ አላለም። የዚያን ቀን ቡና ላይ የተባለውን ሁሉ ልንገራችሁ።

«ፋይሉ ከተሰረዘ ከሜሞሪም ወጥቷል።»

ፋይሉ የነበረው ዲስክ ላይ ነው። ቶምካት ለእያንዳንዱ አፕሊኬሽን የራሱን ክላስሎደር፣ ማለትም የፕሮግራሙን ክፍሎች (ክላሶች) ሜሞሪ ላይ የሚጭን ጫኝ፣ ይሰጠዋል። ክላሶቹ የሚለቀቁት ያንን ክላስሎደር የያዘ ነገር ሁሉ ሲለቀው ነው። አንድ ያዥ ከቀረ ሁሉም ይቀራል። ሂፕ ደምፕ (ሂፕ የሚባለውን የጃቫ ሜሞሪ ቅጂ) አውጥቼ ሳየው፣ የአንዱን አፕሊኬሽን የያዘው በየ10 ደቂቃው ሪፖርት የሚያዘጋጅ ትሬድ (ከበስተጀርባ የሚሮጥ ሥራ) ነበር። ቤቱ ተሸጦ ዘበኛው በሩ ላይ ቀርቷል በሉት። ትሬዱን አፕሊኬሽኑ ራሱ ሲዘጋ ማስቆም ነበረበት፤ ቦታውም ሊስነሩ (የአፕሊኬሽኑን መከፈትና መዘጋት የሚከታተለው ኮድ) ውስጥ ያለው፣ ሲዘጋ የሚጠራው ኮንቴክስት ዲስትሮይድ ነው። ቶምካት እኮ ሎጉ ላይ አስጠንቅቆ ነበር። ማን ያነባል!

«ጋርቤጅ ኮሌክተሩን በእጅ ጥራው።»

ጋርቤጅ ኮሌክተር ማንም ያልያዘውን ሜሞሪ የሚያጸዳው የጃቫ ክፍል ነው። መጥራቱ ልመና እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ቢመጣም የተያዘ ነገር አይነካም። የቶምካት ማኔጀር ላይ ሊክ (ሳይለቀቅ የቀረ ሜሞሪ) የሚፈልግ ቁልፍ አለ፤ እሱም መጀመሪያ ሙሉ ጽዳት ስለሚያስነሳ ሰው በሚበዛበት ሰዓት አትጫኑት።

«ይሄ እኮ በጃቫ 8 ተፈቷል።»

በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ጃቫ 8 የክላሶች መረጃ ይቀመጥበት የነበረውን ፐርምጄንን አስወግዶ በምትኩ ሜታስፔስን አመጣ። ሊኩ ግን አልጠፋም፤ ድምፁን ነው ያጠፋው። ሜታስፔስ ካልተገደበ የማሽኑን ሜሞሪ እየበላ ይሄዳል። እኔ ጣሪያ አበጅቼለታለሁ።

«ቶፕ ላይ ካልቀነሰ ሊክ አለ ማለት ነው።»

ቶፕ የሚያሳየው ፕሮሰሱ ከሲስተሙ የያዘውን ሜሞሪ ነው፤ ስለዚህ የግድ አይደለም። ከሦስቱ ሁለቱ በትክክል ወጥተው ነበር። ጄቪኤሙ (ጃቫን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ግን የተለቀቀለትን ቦታ ለሲስተሙ ከመመለስ ይልቅ ለነገ ብሎ ሊይዘው ይችላል። መታየት ያለበት ከጽዳት በኋላ ያለው ሂፕና የተጫኑት ክላሶች ብዛት ነው።

«ሪስታርት የሰነፍ ሥራ ነው።»

እዚህ ላይ አልስማማም። ፕሮሰሱ ሲሞት ሜሞሪው በሙሉ ይመለሳል። እኔም ሰው ሲወጣ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሪስታርት አደረግኩት። ያንን ትሬድ ኮዱ ላይ የዘጋነው በሳምንቱ ነው።