ለምህንድስና ተማሪዎች የተሰጠው ገንዘብ ለምን ሁሉም አይወጣም?

በጎንደር ተምረው ዛሬ ደህና የሚኖሩ ወገኖች ለምህንድስና ትምህርት ገንዘብ ለመለገስ ሲያስቡ «ቋሚ ፈንድ» የሚለው ቃል ግራ ያጋባቸዋል። በቋሚ ፈንድ የተመዘገበ ስጦታ ዋናው ገንዘብ አይነካም፤ የሚወጣው ገንዘቡ ኢንቨስት ተደርጎ ከሚያስገኘው ትርፍ ነው። ከ1,000,000 ብር በዓመት 5 በመቶ ቢወጣ 50,000 ብር ይሆናል፤ እሱም በየዓመቱ። ትርፉ ከዚያ ከበለጠ ቀሪው ወደ ዋናው ይጨመራል፤ አለበለዚያ የዋጋ ንረት ፈንዱን ይበላዋል።

ለጋሾች ግን መምህራንንና የሚያስተምሩበትን ዕቃ ብዙ ጊዜ ይረሳሉ፤ ይህ ያሳዝነኛል። የኮንክሪት መፈተሻ ማሽኑ ተበላሽቶ መምህሩ የኮንክሪትን ጥንካሬ በጠመኔ ብቻ ካስረዳ፣ የነጻ ትምህርት ዕድል ያገኘችው ተማሪ ምን ጨብጣ ትመረቃለች? ለላቦራቶሪ ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ለሌላ ስለማይውል፣ ዓላማውን ከመፈረማችሁ በፊት በግልጽ አስፍሩ። ችግሩ የዘንድሮ ከሆነ ደግሞ ወዲያው ሥራ ላይ የሚውል ስጦታ ይሻላል።